የማን ጊዜ ነው?

እንደ «ጊዜ የለኝም» የከተማ ሰው አፍ ላይ የምትመላለስ ቃል ያለች አይመስለኝም። ለቅሶ ሳንደርስ ስንቀር ጊዜ አጣን እንላለን። ዘመድ ሳንጠይቅ ስንከርም ጊዜ የለም እንላለን። መጽሐፍ ለምን እንደማናነብ፣ ከልጆቻችን ጋር ለምን እንደማንጫወት፣ ለሰውነታችን ለምን እንደማናስብ ስንጠየቅም መልሳችን ያችው ናት። ደግሞም የተከበረች ቃል ናት። «ገንዘብ የለኝም» የሚል ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው፤ «ጊዜ የለኝም» የሚለው ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። ጊዜ ማጣት እንደ ሹመት የሚቆጠርበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

እኔም ይህችን ቃል 22 ዓመት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ስናገራት ኖሬአለሁ። ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከወንበሬ ጋር እንገናኛለን፤ ማታ 12 ሰዓት ገደማ እንለያያለን። ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ምሳዬን ተቀምጬ እበላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ «ደከመኝ» ብዬ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ውዬ ምን እንዳደከመኝ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መካሪ አጥቼ አልነበረም። ባለቤቴ «ኧረ እባክህ ትንሽ እንኳ ተንቀሳቀስ» ትለኝ ነበር። እኔም «መች ጊዜ አለኝና!» እላታለሁ። እሷ ራሷ እንደኔው መሥሪያ ቤት ውላ ገብታ፣ ምድጃ ፊት ቆማ እራት እየሠራች እንደምትመክረኝ ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በሰኔ መጨረሻ፣ የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ጧት ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ቀና ማለት አቃተኝ፤ እንደጎበጥኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ ድምፄን ሰምታ መጣች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን አቋረጠች። ከዚያ ተንበርክካ ካልሲዬን አጠለቀችልኝ። 19 ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም ነበርና በሕመሙ ላይ ኀፍረቱ ተጨመረብኝ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አራት ጎረቤቶቼ ወንበር ላይ አስቀምጠው ደረጃውን ሁሉ ተሸክመው አወረዱኝ። አንደኛው የታክሲ ሹፌር ነው፤ የጧት ገበያው አመለጠው። ሁለተኛው በጥበቃ ሥራ አድሮ ገና ጎኑን ሊያሳርፍ የገባ ነው። ሦስተኛው የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ ደብተሩን አልጋው ላይ ዘርግቶ ነው የመጣው። አራተኛው ከኔ በ15 ዓመት የሚበልጡ ጡረተኛ ናቸው። በየማለዳው በእግራቸው ሲንሸራሸሩ በመስኮት እያየኋቸው «እኚህ ሰው መቼም ሥራ የላቸውም» እል ነበር። ከወንበሩ እግሮች አንዱን ይዘው ያወረዱኝ እሳቸው ናቸው።

ሦስት ሳምንት ከቤት ዋልኩ። ባለቤቴ እናቷን ለመጠየቅ ብላ ያስቀመጠችውን የዓመት ፈቃድ ለኔ አዋለችው። እናቷ «ዘንድሮ አትመጪም?» እያሉ በስልክ ሲጠይቋት እሰማለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ ባልደረቦቼ እያመሹ ዘጉት።

የሂሳብ ሰው ነኝና በጀርባዬ ተኝቼም ሂሳብ መሥራቴ አልቀረም። በየቀኑ ለሰውነቴ 15 ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ በዓመት 91 ሰዓት ገደማ ይሆን ነበር። በ22 ዓመት ውስጥ 2000 ሰዓት ያህል ቆጥቤአለሁ ማለት ነው። እንግዲህ የሦስት ሳምንት ሕመም ከ2000 ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ትርፉ ይበልጣል የሚል ብልጥ አይጠፋም። እኔም ለአፍታ ያህል እንዲሁ አሰብኩ። ዳሩ ግን ሂሳብ አዋቂ የሚጠይቀው መጠኑን ብቻ አይደለም፤ በማን ስም እንደተመዘገበም ይጠይቃል። ትርፉ የተመዘገበው በኔ ስም ነው። ወጪው ግን በባለቤቴ፣ በልጄ፣ በአማቴ፣ በታክሲ ሹፌሩና በተፈታኙ ልጅ ስም ነው። በሌላ ሙያ ይህን የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።

«ሰውነቴ የራሴ ነው፤ ብጠብቀውም ባልጠብቀውም ከራሴ ሌላ ማንን ይመለከታል?» የምንለው ነገር እስክንታመም ድረስ ብቻ የሚያገለግል ክርክር ነው። ሰውነቴ የኔ ብቻ የሚመስለው ጤና ሲሆን ነው። ሲወድቅ የቤተሰብ፣ የጎረቤትና የባልደረባ ሸክም ይሆናል። «ጊዜ የለኝም» ብዬ ስናገርም ሳላውቀው የምናገረው ሌላ ነገር ኖሯል፤ «የኔን ጊዜ አልሰጥም፤ ሲያስፈልግ የእናንተን እወስዳለሁ» ማለቴ ነው።

* * *

ሰው ሲታመም ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዲት ጎረቤታችን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች። የሥራ ባልደረባዬ «ወጌሻ በአንድ ቀን ያስነሣሃል» አለኝ። አንድ ዘመዴ ዋግምት ካልታገምክ ብሎ ሞገተኝ። ወጣቱ የቢሮአችን ልጅ ደግሞ ስለ ቻይናዎቹ መርፌ፣ ስለ አኩፓንክቸር ሲያብራራልኝ አመሸ። ፍል ውኃ ገብተህ ታሽ ያሉኝም ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ነገር ግን የምንኖርባት ከተማ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ፍል ውኃ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ሊታጠቡበት የሚሰፍሩበት ሜዳ ነው ኋላ አዲስ አበባ የተባለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ እንዶድ የዓለም የምርምር ጉዳይ እንዲሆን ያደረጉትም ልብስ አጣቢ ሴቶች ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው። ሴቶቹ እንዶድን ከጥንት ያውቁታል። የዶክተሩ ድርሻ ያዩትን አለመናቅና ያልናቁትን መፈተን ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እኩል ያስፈልጋሉ። የማይንቅ ሆኖ የማይፈትን ሰው የአታላይ መጫወቻ ይሆናል፤ የሚፈትን ሆኖ የሚንቅም ደጁ ላይ ያለውን ሀብት ረግጦ ያልፋል።

ያየችኝን ሐኪም ስለ ወጌሻው ጠየቅኋት። አልተቆጣችም። «ሙቀትና ቀላል መታሸት አይጎዳዎትም፤ ሕመሙንም ያስታግሥልዎታል። አከርካሪዎን የሚያጣምምና የሚጎትት ሰው ግን አያስነኩ» አለችኝ። ቀጥላም እግሬን ቢያዝለኝ ወይም ቢያደነዝዘኝ፣ በጭኖቼ መካከል መደንዘዝ ቢሰማኝ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ቢያቅተኝ ወይም ትኩሳት ቢኖረኝ አንድ ቀን እንኳ ሳላድር ሆስፒታል እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ቃሏ ነው። እኔ «ተኝተው ይረፉ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «አይተኙ፤ በተቻለዎት መጠን ይንቀሳቀሱ» አለችኝ። ቀድሞ የወገብ ሕመምተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይታዘዝለት ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ላለው ተራ የወገብ ሕመም ብዙ መተኛት እንደሚጎዳ፣ አብዛኛው ሕመምተኛም እየተንቀሳቀሰ በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻለው ታውቋል።

ፍል ውኃ ገባሁ፤ ታሸሁም። ያን ምሽት እንቅልፍ ወሰደኝ። አላዳነኝም፤ አሳረፈኝ እንጂ። ማረፍም ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ አኩፓንክቸርም ጠይቄ የተረዳሁት ነገር አሳስቦኛል። ለቆየ ሕመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ለሙከራ ያህል በትክክለኛው ቦታ ሳይሆን በሌላ ቦታ የተወጉ፣ ወይም የተወጉ እንዲመስላቸው የተደረጉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የተቀራረበ እፎይታ ይሰማቸዋል። እንግዲያውስ እፎይታው በከፊል ከየት መጣ? እኔ ፍል ውኃ ተኝቼ ስታሽ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ትቶ እኔን ብቻ ይዞ ቆየ። የት እንዳመመኝ ጠየቀኝ፤ ስመልስለት አዳመጠኝ። ወጌሻውም፣ ባለ መርፌውም፣ አሺውም የሚሰጡን አንዱ ነገር ጊዜ ነው። እኛ ለራሳችን የነፈግነውን ጊዜ ከነሱ እንገዛለን።

ይህን ካልኩ ዘንድ አደጋውንም ልናገር። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከልክ በላይ ጠብቆ ታስሮ ደም መዘዋወር አቅቶት እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በሆስፒታሎቻችን ታይተዋል። ሥራ ሥርም መድኃኒት የሚሆነው ኀይል ስላለው ነው፤ ኀይል ያለው ነገር ደግሞ ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት እንኳ በብዛት ሲወሰድ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ሊጣላ ይችላል፤ የምንወስደውን ሁሉ ለሐኪም መንገር ያለብንም ለዚህ ነው። እኔ ለራሴ ሦስት ጥያቄዎች አበጅቻለሁ። ይህ ሰው የማይችለውን ነገር «ይህን አልችልም» ይላል? የሐኪም መድኃኒትህን ጣል ይለኛል? ፍርሃቴ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል? የመጀመሪያውን «አዎ»፣ ሁለቱን «የለም» ብሎ ላለፈ ሰው ወገቤን ለመታሸት አልነፍገውም።

* * *

ስለ ሀገር መድኃኒት ካነሣን አይቀር ስለ ኮሶ አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይወዱ ስለነበር ትሉም አይለያቸውም ነበር፤ ስለዚህ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣት ልማድ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሀገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች ይህን ልማድ በሰፊው ጽፈዋል፤ መድኃኒቱም ተሻግሮ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ይሸጥ ነበር። ምሬቱ የተረት ያህል የታወቀ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍም ዓይን እስከ ማሳወር የሚደርስ ጉዳት አለው። ዛሬ ይህን ሁሉ የሚተካ ክኒን አለልን፤ ኮሶው ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም።

እኔን የሚያስቀናኝ የኮሶው ቀን ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን የራሱ ነው። እንግዳ አይቀበልም፤ ቢቀርም አይቀየሙትም። ሎሌም ቢሆን «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ካለ ጌታው ወዲያ ወዲህ አያዘውም። በዚያ እኩልነት ባልነበረበት ኑሮ ውስጥ እንኳ ሰውነት የሚከበርባት አንዲት ቀን ነበረች። ያችን ቀን የሚሰጣት ማኅበረሰቡ ነው እንጂ ሰውዬው ሰርቆ የሚወስዳት አልነበረችም።

የኛስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩትን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። በጎ ሕግ ነው፤ የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ሆኖም በየመሥሪያ ቤታችን ያለውን ልማድ እንየው። «ታምሜአለሁ» ብሎ ወረቀት ያመጣ ሠራተኛ ይታዘንለታል። በሰዓቱ ሥራውን ጨርሶ «እንዳልታመም በእግሬ ልሂድ» ብሎ የወጣ ግን «ይህ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» ይባላል። እኔ ስለ ጡረተኛው ጎረቤቴ ያልኩት ቃል ነው። ለመታመም ጊዜ የሚፈቅድ፣ ላለመታመም ግን የሚያሳፍር ልማድ ተክለናል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የሚባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጥንተው ያገኙትን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ አንድ አውቶቡስ ላይ አብረው ይውላሉ። ልዩነታቸው ሹፌሩ ተቀምጦ ሲውል ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መዋሉ ነው። የልብ ሕመም ሹፌሮቹን የበለጠ ሲያጠቃ ተገኘ። ሞሪስ ጠንቃቃ ሰው ነበሩና ኋላ የደንብ ልብሳቸውን ልክ ሳይቀር መረመሩ፤ ሹፌሮቹ ገና ከጅምሩ ወገበ ሰፊ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በመቀመጥ ብቻ ማላከክ አይቻልም። ይሁን እንጂ ፖስታ አዳዮችን ተቀምጠው ከሚውሉ የቢሮ ጸሐፊዎች ጋር ሲያወዳድሩም ያዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም የእንቅስቃሴን ጥቅም አረጋግጠዋል። እኔን ያስገረመኝ ሌላው ገጽታው ነው። ትኬት ቆራጩ ስፖርተኛ አልነበረም። ጊዜ አግኝቶ፣ ፈቃዱን አጠንክሮ የሠራው ነገር የለም፤ ሥራው ራሱ አንቀሳቀሰው። ሹፌሩም ሰነፍ አልነበረም፤ ሥራው ራሱ አስቀመጠው። እንግዲህ የተቀመጠውን ሰው «ሰነፍ» ብሎ መውቀስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

* * *

ከሕመሜ በኋላ በቤት ውስጥ የማደርገው እንቅስቃሴ የሚያስቅ ያህል ትንሽ ነው። በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ምንጣፍ እዘረጋለሁ። በጀርባዬ ተጋድሜ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ዳሌዬን ከወለሉ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ከወንበር ላይ እጄን ሳልደገፍ 10 ጊዜ እነሣለሁ፤ እቀመጣለሁ። ግድግዳውን በሁለት እጄ ተደግፌ ክንዴን አጥፌ እዘረጋለሁ። ሁሉም 15 ደቂቃ አይሞላም። የረገምኩት የ4ኛ ፎቅ ደረጃም የለንደኑ ትኬት ቆራጭ ደረጃ ሆነልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገርም በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጨምር ይመክራል። ቀድሞ ከ10 ደቂቃ ያነሰ አይቆጠርም ይል የነበረውን ትቶ አሁን ትንሹም ይቆጠራል ይላል። ይህች ማሻሻያ የኔን ቢጤ ሰበበኛ መሸሸጊያ አሳጥታዋለች።

ቢሮም አልተውኩትም። አንድ ቀን ግድግዳ እየገፋሁ ሳለሁ የጽዳት ሠራተኛችን ባልዲዋን ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ግድግዳው ሊወድቅ ነው እንዴ?»

«ስፖርት ነው፤ ሐኪም አዞኝ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። «እኔማ የእርስዎን ስፖርት በደመወዝ ነው የምሠራው!» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ ወገቧን በእጇ ይዛ፣ «የምር ግን ጋሼ፣ እኔንም ያመኛል። ለኔስ ምን አዘዙ?» አለች።

የምመልስላት አጣሁ። ሦስት ፎቅ ትወለውላለች፤ ውኃ ትሸከማለች፤ ከዚያ ቤቷ ገብታ እንደገና ትጀምራለች። ከእንጦጦ የማገዶ ጭነት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች «ተንቀሳቀሱ» ብሎ የሚመክር ማን ነው? «ስፖርት ሥሩ» የሚለው ምክር ለሁሉም አንድ መስሎን ነበር፤ የወንበረተኛ ምክር ነው። የእሷ ሰውነት ያጣው እንቅስቃሴ አይደለም፤ ዕረፍት ነው። ቢሮዬ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ ከተቀመጡት ሁለት ወንበሮች አንዱን አስፈቅጄ ባልዲዋን የምታኖርበት ክፍል አስገባሁላት። ለኔ በሽታ የሆነው ወንበር ለእሷ መድኃኒት ሆነ። አንድ ወንበር ፍትሕ አይባልም። ግን ጥያቄዋን እንደ ቀልድ አለማለፌን ይመሰክርልኛል።

* * *

ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ጀምሬ የተውኩትን ነገር አሁን እንዴት ሦስት ዓመት አቆየሁት? ብዙ አስቤበታለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች በዐቢይ ጾም ስግደቷን አታስታጉልም ነበር። ሰባት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ከኔ የበለጠ ጊዜ አልነበራትም። ግን ስግደቱን ለራሷ የምታደርገው ነገር አድርጋ አታየውም፤ ያለባት ዕዳ ነው። ሰው ለሚወደው ነገር ጊዜ ያጣል፤ ላለበት ነገር ግን ያገኛል። እኔ ለሰውነቴ ማሰብን እንደ ቅንጦት ስለቆጠርኩት ነው ሁልጊዜ ከወረፋው መጨረሻ የሚቆመው። ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ ሴት ፊቴ ላይ ስትመጣ ግን ምንጣፉን እዘረጋለሁ።

እዚህ ላይ ራሴንም አንባቢንም ላስጠንቅቅ። ጤና ዕዳ ነው ካልን የታመመ ሁሉ ዕዳውን ያልከፈለ ነው ወደማለት መንሸራተት ቀላል ነው። አንድ ወዳጄ ነበር፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ በየቀኑ በእግሩ ይሄዳል። በካንሰር ሞተ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «መቼም አንድ ነገር ያጎደለው ቢኖር ነው» ሲል ሰማሁት። ሚስቱም ሳትሰማው አልቀረችም። ይህን የመሰለ ጭካኔ በጤና ምክር ስም ሲነገር እንሰማለን። ሕመም በአብዛኛው የቅጣት ወረቀት አይደለም፤ የሚጠነቀቀውም ይታመማል፤ ይሞታልም። መታመም ነውር አይደለም፤ መሸከም የሚችሉ ሰዎች ስላሉን ብቻ ሸክሙን አውቆ ማክበድ ግን ነውር ነው። ይህችን ልዩነት ሰው ለራሱ እንጂ በሌላው ላይ መመዘኛ ሊያደርጋት አይገባም።

ነገሬን በዚህ ልቋጭ ነበር። ግን ባለፈው ዓመት አንድ ጧት ባለቤቴ የክፍላችንን በር ከፍታ ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ አየችኝ። እጇ ላይ የሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ይዛ ነበር።

«በርታ» አለችኝ። ልትወጣ ስትል ግን ዘወር ብላ «አንተ እዚህ ስትንፈራገጥ ቁርሱን ማን እየሠራው ይመስልሃል?» አለች።

በጀርባዬ ተኝቼ ሁለተኛውን ሂሳብ የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ያገኘኋት 15 ደቂቃ ከየትም አልመጣችም፤ ከእሷ ነው የመጣችው። ስታመም የወሰድኩትን ጊዜዋን ጤነኛ ለመሆንም እየወሰድኩ ነበር። «ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው» ብዬ ስመጻደቅ በአንድ እጄ እየሰጠሁ በሌላው እየተበደርኩ ኖሬአለሁ። እሷም እኮ ወገብ አላት። እሷን ደግሞ 4ኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ካልሲ የሚያጠልቅላት ማን ነው?

አሁን ምንጣፉን መጀመሪያ የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ሻይ አፈላለሁ፤ ፍርፍር እሠራለሁ። ጨው ታበዛበታለህ እያለች ልጄ ትስቅብኛለች። ከዚያ እንለዋወጣለን። ሁለታችንም ከበፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ብለን እንነሣለን፤ ማታ ቴሌቪዥኑም በዚያው ልክ ቀደም ብሎ ይዘጋል። አማቴንም ዘንድሮ ሁላችንም ሄደን ጠየቅናቸው።

ወገቤ አንዳንድ ቀን አሁንም ያመኛል፤ ፈጽሞ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ካልሲዬን ግን ራሴ አደርጋለሁ።